ከሩቅ የተነሳ ፎቶ ምን ያህል ይመሰክራል?

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት ወፍ ነው። ረዘም ይላልና ጊዜ ሲኖራችሁ አንብቡት።

«ስናይፐር» የሚለውን ቃል የማያውቅ የለም። በዜናም በፊልምም ሰምተነዋል፤ ተደብቆ ከሩቅ አነጣጥሮ የሚተኩስ ወታደር ነው። ቃሉ የመጣው ከወፍ ነው ቢባል ግን ብዙ ሰው አያምንም። በእንግሊዝኛ ስናይፕ የምትባል የረግረግ ወፍ አለች። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ህንድ ውስጥ የነበሩ የእንግሊዝ መኮንኖች ይህችን ወፍ ያድኑ ነበር። ከሣሩ ጋር ተመሳስላ ትቀመጣለች፤ ሰው ሊረግጣት ሲል ድንገት ብድግ ትላለች፤ ተነስታም ቀጥ ብላ አትበርም፣ ግራና ቀኝ እየተጠማዘዘች ታመልጣለች። እሷን መትቶ መጣል የቻለ ተኳሽ የተመሰገነ ነበር፤ ስናይፐር የተባለው እሱ ነው። ስሙ ወደ ጦር ሜዳ የሄደው ከዚያ ወዲህ ነው።

ይህችው ወፍ እኛም ዘንድ አለች። ካፋ ውስጥ፣ ደካ፣ ከቤታችን በታች ባለው ረግረግ።

የእህቴ ልጅ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ የሚኖረው ከእኛ ጋር ነው። በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ 11 ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። የስልኩን ካሜራ በአሮጌው ባይኖክላሬ አንድ ዓይን ላይ ደግኖ ነው ያነሳቸው። በሰባቱ ላይ የሚታየው ቡናማ ሣር ውስጥ ያለ ቡናማ ነገር ነው፤ ጓል ነው ብትሉ አልከራከራችሁም። በአራቱ ላይ ግን ወፍ አለች። አጠር ያለ እግር፣ ድቡልቡል ገላ፣ ጭንቅላቷ ላይ ከፊት ወደ ኋላ የሄዱ ፈዛዛ መስመሮች፣ ቀጥ ያለ ረጅም ምንቃር። ከሥሩ «አጎቴ፣ ይቺ ማን ናት?» ይላል።

እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ወፍ መለየት ደግሞ የቆየ አመሌ ነው። «ስናይፕ ናት፤ የትኛዋ ስናይፕ እንደሆነች ግን ከዚህ ፎቶ አይታወቅም» ብዬ መለስኩለት። ይህ የአንድ መስመር መልስ ሁለት ወር ሙሉ አከራከረን። ልጁን ብቻ ሳይሆን የመንደሩን ወጣቶች፣ ጎረቤቶቼን፣ አንድ ሁለቴ ደግሞ የገዛ ባለቤቴን።

ለምን አይታወቅም? ሀገራችን ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ተመዝግቧል። ብዙዎቹን ከሩቅ መለየት ይቻላል። በራሷ ላይ የወርቅ ዘውድ የደፋችውን ጥቁሯን ክሬን ከብት የሚጠብቅ ሕፃን እንኳ ኮረብታ ላይ ሆኖ ያውቃታል። ስናይፖች እንደዚያ አይደሉም። ሁሉም ቡናማ ናቸው፣ ሁሉም ዥንጉርጉር ናቸው፣ ሁሉም ረጅም ምንቃር አላቸው። በጥቅምት ወር ደጋ ረግረግ ላይ ስናይፕ ያየ ሰው ፊት ለፊቱ ቢያንስ ሦስት አማራጭ አለ። አንደኛዋ የአፍሪካ ስናይፕ ናት። እሷ የኛው ናት፤ ከኢትዮጵያ ደጋ ጀምሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ትኖራለች፣ እዚሁ ትፈለፍላለች። ሁለተኛዋ ተራዋ ስናይፕ የምትባለው ናት፤ ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽታ የምትመጣ እንግዳ። ሦስተኛዋ ትልቋ ስናይፕ ናት፤ እሷም እንግዳ ናት፣ ከስካንዲኔቪያ፣ ከምሥራቅ አውሮፓና ከሩሲያ ተነስታ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በደጋችን በኩል ታልፋለች። ከሳይቤሪያ ወገን የምትመጣ አራተኛም አለች፤ እሷ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ብቅ የምትለው አልፎ አልፎ ስለሆነ ለጊዜው እንተዋት። ለነገሩ እሷን በእርግጠኝነት ለመለየት ጅራቷን ዘርግቶ እንደ መርፌ የቀጠኑትን የዳር ላባዎች ማየት ያስፈልጋል፤ በእጅ ካልያዟት ይህ የሚሆን አይደለም።

ልዩነታቸው መጽሐፍ ላይ ሲነበብ ቀላል ይመስላል። ትልቋ ስናይፕ ሆዷ ከዳር እስከ ዳር በጥቁር መስመር የተዥጎረጎረ ነው፤ ክንፏ ላይ በረድፍ የተደረደሩ ነጫጭ መስመሮች አሏት፤ የጅራቷ ሁለት ዳርና ዳር ነጭ ነው፤ ምንቃሯ ከሌሎቹ አጠር ይላል። የአፍሪካዋ ምንቃሯ ከሁሉም ይረዝማል፤ የሆዷ መሐል ነጭ ነው። ተራዋ ስትበር የክንፏ የኋላ ጠርዝ ላይ ደማቅ ነጭ መስመር ይታያል። በቃ፣ ይኸው ነው።

አሁን የልጁን ፎቶ እንይ። ሆዷ ሣር ውስጥ ነው። ጅራቷ ተጣጥፏል። ክንፏ ተከድኗል። ምንቃሯስ? ከአራቱ በሦስቱ ላይ ግማሹ ጭቃ ውስጥ ገብቷል። በቀረችው አንዷ ላይ ደግሞ ፊቷን ወደ እኛ አዙራለች፤ ወደ ካሜራ የዞረ ምንቃር ርዝመቱ አይለካም። ሱብሐነላህ፣ መደበቅ የሚባለውን ነገር ተምራ የመጣች ነው የምትመስለው። በነገራችን ላይ ያ ምንቃር ራሱ ተአምር ነው። ጫፉ ላይ ስሜት የሚለዩ ነርቮች ተከማችተዋል። ምንቃሩ እስከ ሥሩ ጭቃ ውስጥ ተተክሎ እያለ ጫፉን ብቻ ከፍታ ትሉን ትይዛለች። ዓይኖቿም ከፊት ሳይሆን ወደ ጎንና ወደ ኋላ ገባ ብለው ነው የተቀመጡት፤ አቀርቅራ እየበላች ከኋላዋ የሚመጣውን ታያለች። ለዚህ ነው ልጁ ከ80 ሜትር በላይ መቅረብ ያልቻለው።

ስለ 80 ሜትሩ ሂሳቡን ቁጭ ብለን ሠራነው፤ ለፊዚክስ አስተማሪዎች ደስ የሚል ምሳሌ ይሆናችኋል። የስልክ ካሜራ የሚያነሳው ምስል ወርዱ 4000 ፒክስል ያህል ነው። በ80 ሜትር ርቀት ላይ ያ ሌንስ የሚያቅፈው መሬት ወርዱ ወደ 110 ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሜትር የሚደርሰው 36 ፒክስል ብቻ ነው። ስናይፕ ከምንቃሯ ጫፍ እስከ ጅራቷ 27 ሳንቲ ሜትር ብትሆን መላ አካሏ 10 ፒክስል ነው ማለት ነው፤ ምንቃሯ ለብቻው ሦስት አይሞላም። ባይኖክላሩ ስምንት እጥፍ ያጎላል። ስለዚህ ወፏ 80 ፒክስል ሆነች እንበል። ምንቃርና የጭንቅላት መስመር የታየን ለዚህ ነው። ግን ትልቋን ስናይፕ ከአፍሪካዋ የሚለየው በክንፏ ላይ ያለው ነጭ መስመር ውፍረቱ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ ፎቶ ላይ ያ መስመር አንድ ፒክስል እንኳ አይሆንም። ፎቶው ላይ የለም ማለት ወፏ ላይ የለም ማለት አይደለም፤ አለ የሚል ሰው ካለ ደግሞ ያየው የስልኩን ሶፍትዌር ሥራ ነው። የዛሬ ስልኮች የደበዘዘውን ነገር በራሳቸው ግምት ያሰሉታል፣ ጠርዙን ያስሉታል፣ ያልነበረ ነጭ ነጥብ ይጨምሩበታል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የቤት ጨዋታ ነበር። ጉዳዩን ከባድ ያደረገው ረግረጉ ነው።

ከመንደራችን በታች ያለው ረግረግ ትልቅ አይደለም። በበዓል ሰሞን ቄጠማ ይታጨድበታል፣ በበጋ ከብት ይሰማራበታል፣ ከታችኛው ጫፉ ደግሞ ብዙ ቤት የሚቀዳበት ምንጭ ይወጣል። በዚያው ዓመት መሐሉን በቦይ ቀዶ ውሃውን የማጠንፈፍና በቆሎ የመዝራት ሐሳብ ተነሳ። ሐሳቡን ያነሱት ክፉ ሰዎች አይደሉም። አንዱ የግድግዳ ጎረቤቴ ነው፤ ሰባት ልጆች አሉት፣ የደረሰው መሬት ለአባቱም አልበቃም ነበር። ስለ ወፏ ስንነግረው «መምህር፣ ልጆቼ ወፍ አይበሉም» አለኝ። ለዚህ ንግግር ፈጣን መልስ ያለው ሰው መልሱን ለራሱ ያቆየው።

ወጣቶቹ ግን ቦዩን ለማስቆም ቆርጠው ነበር። ለሚመለከተው ቢሮ ደብዳቤ እንጻፍ ተባለ። ደብዳቤው ላይ ምን ይገባል ሲባል ሁሉም ወደ ልጁ ፎቶ ዞረ። ከመካከላቸው አንዱ ኢንተርኔት ላይ አንብቦ መጣ። ትልቋ ስናይፕ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለአደጋ እየተቃረቡ ካሉት ውስጥ ናት፤ የአፍሪካዋ ግን ስጋት የለባትም። «እንግዲህ ትልቋ ናት ብለህ ጻፍልን። አንተ ብትፈርምበት ማን ይጠይቅሃል?» አሉኝ።

ልባቸው ወደ ትልቋ ቢሄድ አልፈርድም። ታሪኳን የሰማ ሁሉ ይወዳታል። የስዊድን ተመራማሪዎች ትንንሽ መቅጃ መሣሪያ አስረውላት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት ከስዊድን ተነስታ እስከ መካከለኛው አፍሪካ ከ4300 እስከ 6800 ኪሎ ሜትር ያለ ዕረፍት እንደምትበርና ፍጥነቷ በሰዓት እስከ 97 ኪሎ ሜትር እንደሚደርስ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አንዷ እስከ 8700 ሜትር ከፍታ ወጥታ ተመዝግባለች። ራስ ዳሽንን ሁለት ጊዜ ብትደራርቡት ከዚያ ብዙም አይበልጥም። ይህን ሁሉ የምታደርገው 200 ግራም ገደማ የምትመዝን ወፍ ናት። እንዲህ ያለች እንግዳ ደካ አረፈች ቢባል ማን ይጠላል?

ወጣቶቹ የበርጋን ምሳሌም አነሱ፤ ምሳሌው ትክክል ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በርጋ የሚባል ረግረግ አለ። እዚያ የምትፈለፍል ነጭ ክንፍ ፍላፍቴይል የምትባል፣ ከጫጩት ብዙም የማትበልጥ ወፍ አለች። ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት የዓለም ወፎች አንዷ ናት፤ ቁጥሯ ከ250 በታች እንደሆነ ይገመታል፣ የምትገኘውም በኛ ሀገርና በደቡብ አፍሪካ ነው። የበርጋ ነዋሪዎች ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ጋር ሆነው ለረግረጋቸው ጥበቃ የተደራጁት በእሷ ስም ነው። «እነሱ በወፍ ስም ረግረጋቸውን አስከበሩ፣ እኛስ?» የሚለው ጥያቄ ውሃ የሚያነሳ ነው።

ግን የበርጋዋ ወፍ ስም እንዴት እንደተረጋገጠ ማወቅም ያስፈልጋል። ከሩቅ በተነሳ ፎቶ አይደለም። ሰዎች ተሰልፈው በረግረጉ ውስጥ ገመድ እየጎተቱ ሄደው፣ ወፏ ከእግራቸው ሥር ብር ስትል ለአንድ ሁለት ሰከንድ ክንፏ ላይ ያለውን ነጭ አይተው፣ ይህንኑ ደጋግመው ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥም ትፈለፍላለች ወይስ አትፈለፍልም የሚለው ለረጅም ዘመን ያልተፈታ ጥያቄ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የተፈታው ሚደልፑንት በተባለ ረግረግ ሣሩ ውስጥ በተተከሉ በራሳቸው በሚያነሱ ካሜራዎች ነው። ካሜራው ወፏ በምትሄድበት መንገድ ላይ፣ በእርምጃ ርቀት ተቀምጦ ነበር። ሁለቱም ጋ የተደረገው ነገር አንድ ነው፤ መቅረብ።

እኔም ለወጣቶቹ ያልኳቸው ይህንኑ ነው። ቢሮ ውስጥ ያለው ሰው ወፍ ላያውቅ ይችላል፤ ግን ፎቶውን ለሚያውቅ ሰው መላክ ያውቃል። ካፋ ደግሞ ማንም ያላያት ምድር አይደለችም። ደኗ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ናቡ የተባለው የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 ብዙ ባለሙያ ይዞ መጥቶ እንደ አለምጎኖና ጎጀብ ያሉ ረግረጎችን ጭምር እየዞረ አጥንቷል። ስናይፕ ምን እንደምትመስል የሚያውቅ ሰው ይህን ፎቶ አይቶ «ከዚህ ላይ ትልቋን እንዴት ለዩአት?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ የለንም። ያን ጊዜ የሚወድቀው የወፏ አንቀጽ ብቻ አይደለም። ከሥሩ የጻፍነው የምንጩ ጉዳይም አብሮ ይወድቃል። አንዱን ያጋነነ ሌላውንም አጋንኖ ይሆናል ይባላል። ደግሞስ፣ ወላሂ፣ ያላየሁትን አየሁ ብዬ መፈረም አልፈልግም።

አንዳንዱ ተቆጣ። አንዱማ «እንዲህ የሚጠራጠር ሰው ጨረቃም ቢያይ አይመሰክርም» ብሎ አሳቀን።

ስለዚህ እንቅረብ ተባለ። ቦንጋ ሠርግ የሚያነሳ አንድ ወዳጄ ባለ ረጅም ዙም ካሜራውን ለሳምንት አዋሰን። ካሜራው ሃምሳ እጥፍ ያቀርባል፤ በዚያው ርቀት ወፏን ከ400 ፒክስል በላይ ያደርጋታል፣ ያ ነጭ መስመርም አራት ፒክስል ያህል ይሆናል። በወረቀት ላይ ጥሩ ነበር። ግን የካፋን አየር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ከፈጅር በኋላ ስንወርድ ጉም ነው፣ የራሳችንን እግር አናይም። ጉሙ ሲገፈፍ ፀሐይ ትወጣና እርጥቡ መሬት ይተናል፤ በሌንሱ ውስጥ ሣሩ እንደ ወራጅ ውሃ ይንቀጠቀጣል፣ አራቷ ፒክስል ወደ አሥር ተበትና ትጠፋለች። ከሰዓት በኋላ ዝናብ። በሳምንቱ ውስጥ ለፎቶ የሚሆን ብርሃን ያገኘነው በድምሩ ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው።

ቢሆንም ልጁ፣ ማሻአላህ፣ ታጋሽ ነው፤ 200 የሚያህል ፎቶ አነሳ። ከእነሱ ውስጥ ሁለቱ ጥሩ ናቸው። በአንደኛው ወፏ በጎኗ ቆማለች፤ ምንቃሯ ወጥቶ ሙሉው ይታያል። ከጭንቅላቷ ርዝመት ጋር አስተያየነው፤ ሁለት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ይሄ ወደ ትልቋ አይወስድም። ግን ላባዋን አቁማ ከሆነ ጭንቅላቷ ይተልቃል፣ አንገቷን ትንሽ ብታዞር ምንቃሯ ያጥራል፤ በአንድ ፎቶ ላይ የተለካ ልኬት ልኬት አይባልም። በሁለተኛው ላይ የክንፏ ላባዎች ጫፋቸው ፈዛዛ ነው። ነጭ ነው ወይስ የገለባ ቀለም? ፎቶው የተነሳው ፀሐይ ስትጠልቅ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ሁሉም ነገር የገለባ ቀለም አለው። በዚህ ላይ በዚያው ዓመት የተፈለፈሉ የትልቋ ልጆች ነጩ ገና በደንብ አልወጣላቸውም። ስለዚህ ነጭ አለመታየቱም ትልቋን አያስቀርም። ሆዷስ? አሁንም ሣር ውስጥ ነው።

ልጁ እነዚህን ሁለት ፎቶዎች በፋይል ሲያስቀምጥ ሥራቸው «የአፍሪካ ስናይፕ፣ ወላሁ አዕለም» ብሎ ጻፈ። ይህን አባባል እወደዋለሁ፤ ሊቃውንቱ የሚሉት ግን የሚችሉትን ያህል ከመረመሩ በኋላ ነው። እኛ አንዳንዴ ምርመራውን ለመዝለል እንጠቀምበታለን። «የአፍሪካ» የሚለውን አስጠፋሁት፤ «ወላሁ አዕለም»ን ተውኩለት።

ያልጠበቅነው ነገር የመጣው ካሜራውን ከመለስን በኋላ ነው። ከረግረጉ ማዶ እንሰትና ቡና ተክለው የሚኖሩ አንድ አዛውንት አሉ። አንድ ምሽት ከዳር ቆመን ሲያዩን ቀረብ አሉና «ቀን ቀን ምን ትፈልጋላችሁ? እሷ የምትታወቀው በማታ ነው» አሉን። «አባባ፣ ማታ ምን ታደርጋለች?» አልኳቸው። እጃቸውን ወደ ሰማይ አንስተው ወደ ታች እያወረዱ የማጉረምረም ድምፅ አሰሙን፤ ግልገል ከሩቅ ስትጮህ የሚመስል የሚንቀጠቀጥ ድምፅ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ከብት ሲያስገቡ ሲሰሙት የኖሩት ድምፅ ነው።

ይህን ስሰማ ቆሜ ቀረሁ። ስናይፕ በመራቢያዋ ወቅት አመሻሽ ላይ ወደ ሰማይ ትወጣና ወደ ታች ትወረወራለች። ስትወረወር የጅራቷን የዳር ላባዎች ትዘረጋለች፤ ነፋሱ ላባዎቹን ያርገበግባቸውና ያ ድምፅ ይወጣል። ከጉሮሮ የሚወጣ አይደለም፣ ላባ ነው የሚጮኸው። ጀርመኖች ተራዋን ስናይፕ በዚሁ ድምፅ የተነሳ «የሰማይ ፍየል» ይሏታል። አሁን ወደ ሦስቱ አማራጮቻችን እንመለስ። ትልቋ ስናይፕ ይህን ነገር ጨርሶ አታደርግም፤ የእሷ ወንዶች መሬት ላይ ተሰብስበው ነው የሚታዩት። ተራዋ ታደርገዋለች፤ ግን በመራቢያ ሀገሯ እንጂ በጥቅምትና በኅዳር እንግድነት መጥታ ሣራችን ውስጥ ተደብቃ በምትከርምበት ጊዜ አይደለም። የቀረችው የአፍሪካዋ ናት።

ለአራት ምሽት ከመግሪብ በፊት ወርደን ቆምን። በሦስተኛው ምሽት መጣች። ሰማዩ ገና ፈዘዝ ያለ ብርሃን ነበረው፤ ልጁ ስልኩን ወደ ላይ ዘርግቶ ቀዳ። 11 ሰከንድ ናት። መሐል ላይ ውሻ ይጮህባታል፤ ግን ድምፁ አለ፣ ሦስት ጊዜ ይደጋገማል። የድምፅ ቅጂ ርቀት እንደ ፎቶ አያበላሸውም፤ ላባው በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተርገበገበ ቢርቅም አይቀየርም።

ልጁ ከደስታው ብዛት እየሮጠ ቤት ገባና ፋይሉን ከፈተ። «እንግዲያውስ ፎቶዋም የአፍሪካዋ ናት!» አለ። እዚህ ላይ ነው ዋናው ክርክራችን የተነሳው። አይደለም አልኩት። መስጊድ ደጃፍ ደርሰህ የሸኹን ድምፅ ከውስጥ ሰማህ እንበል። ሸኹ ውስጥ እንዳሉ ትመሰክራለህ። በሩ ላይ ካሉት ጫማዎች ግን አንዱን አንስተህ የሳቸው ነው ትላለህ? ረግረጉ ላይ የአፍሪካ ስናይፕ እንዳለች ድምፁ መስክሯል። ፎቶው ላይ ያለችው ወፍ ግን እሷም ልትሆን ትችላለች፣ አጠገቧ ለሊት አርፋ የምትሄድ መንገደኛም ልትሆን ትችላለች። በጥቅምት ወር ሁለቱም በአንድ ሣር ውስጥ ሊውሉ ይችላሉ። ልጁ ትንሽ ዝም ብሎ «ታዲያ ፎቶው ምንም አይጠቅምም?» አለኝ። ይጠቅማል እንጂ፤ ስናይፕ መሆኗን፣ በየትኛው ቀንና የት እንደነበረች ይናገራል። ዝርያዋን ብቻ ነው የማይናገረው።

ደብዳቤው በመጨረሻ ሁለት ገጽ ሆነ። ከሁሉ በፊት የተጻፈው ምንጩ ነው፤ ስንት ቤት እንደሚቀዳበት ወጣቶቹ በር በር ዞረው ቆጥረው አስገቡ። ረግረግ ክረምት የጠጣውን ውሃ በበጋ ቀስ እያለ እንደሚለቅ፣ በቦይ ከተጠነፈፈ ግን ከታች ያለው ምንጭ እንደሚጎዳ ጻፍን። በኢሉባቦር ለበቆሎ የተጠነፈፉ አንዳንድ ረግረጎች ከዓመታት በኋላ ሣሩም ውሃውም እንደሳሳባቸው ጨመርን። ስለ ወፏ የገባው ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። የአፍሪካ ስናይፕ በድምፅ ተለይታለች፤ ድምፁ የመራቢያ ድምፅ ስለሆነ ረግረጉ መክረሚያ ብቻ ሳይሆን መራቢያዋም ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል፤ በጥቅምት የተነሱት ፎቶዎች የስናይፕ ናቸው፣ ዝርያቸው ግን አልተለየም። ከወጣቶቹ አንዱ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እናውጣት፣ ታዳክመናለች አለ። በድምፅ ብልጫ ቀረች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ስጋት የለባትም የተባለችው ወፍ ስለሆነች ብዙዎቹ ቅር ብሏቸው ነበር። እኔ ግን አልከፋኝም። ትልቋ ስናይፕ ብታርፍብንም ለጥቂት ሳምንት ነው፤ ትነሳና ትሄዳለች። የአፍሪካዋ ግን እንቁላሏን የምትጥለው ረግረግ ዳር፣ እርጥብ ሣር ሥር መሬት ላይ ነው። ቦዩ ሲቀደድ ቤቷ ውስጥ የሚገባው ወደ እሷ ነው። አዛውንቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሰሙት ያ ድምፅ፣ መዝገብ ላይ ብርቅ ስላልተባለ ብቻ እንዴት ትንሽ ይሆናል?

ጎረቤቴን ደብዳቤውን አነበብኩለት። ስለ ወፏ ያለው ቦታ ላይ ፈገግ አለ፤ ምንጩ ጋ ስንደርስ ግን ዝም ብሎ ሰማ። የምትቀዳው የሱም ሚስት ናት። «ቦዩን ከታች ሳይሆን ከላይ በኩል ብናደርገውስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህን የሚመልሰው ውሃ የሚያውቅ ባለሙያ ነው፤ ደብዳቤው ላይ ባለሙያ መጥቶ እንዲያይልን የሚል መስመር ያስገባነው የሱን ጥያቄ ይዘን ነው። ይህን በምጽፍበት ጊዜ የቦዩ ነገር አልተቆረጠም፤ አልተቆፈረምም።

ልጁ አሁን የሚፈልገው አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ ወፏ ስትነሳ፣ ክንፏንና ጅራቷን ዘርግታ። ሆዷም የክንፏ ጠርዝም የጅራቷ ዳርም በአንዴ የሚታየው ያኔ ነው። እስካሁን ስድስት ጊዜ ከእግሩ ሥር ተነስታበታለች። ስድስቱንም ጊዜ ስልኩ ያነሳው ሣሩን ነው።